መርዝ ነው፣ ለእኔ ስጡኝ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 26

ዛሬም ዝናብ የለም። ከሰዓት በኋላ በምሥራቅ በኩል ጠቆር ብሎ ነበር። ሁላችንም ዶማችንን ጥለን ቆመን አየነው። አቧራ አልብሶን ሄደ።

ጧት ሽማግሌው ያባ ቲጋ እንደ ልማዱ የአጥሬን በር በዱላው እየደበደበ ቀሰቀሰኝ።

«ሳሞዋ! እስካሁን አልሞትሽም?»

«አንተን ሳልቀብር? ምን ቆርጦኝ!»

«የውሻ ጭንቅላት ስትቆረጥሚ አድረሽ ነዋ እስካሁን የምትተኚው።»

«ሂድ ወደ እርሻህ፣ አንተ አሽከር! ጌታህን እንዲህ ነው የምታናግረው?»

ስቆ፣ አስሎ ሄደ። ሰባ ዓመት ሳያልፈው አይቀርም፤ አንድም ቀን ሳይሰድበኝ ወደ እርሻው ወርዶ አያውቅም። እኔም እሱን ሳልሰድብ ፊቴን አልታጠብም።

እህቴ ኦዲል ከአገራችን ከቶማ ደውላ ነበር። ኔትወርክ የሚገኘው ኩይሳው ላይ ሲወጡ ስለሆነ እንደ ፍየል ተሰቅዬ ነው የማወራት። «ፔላጂዬ፣ መቼ ነው የምትመጪው? ሁለት ዓመት ብለሽ ሄደሽ ስድስት ሆነሽ እኮ። እዚያ ማን አለሽ?» አለችኝ። መንደሩ ሁሉ ጓደኛዬ ነው አልኳት። እውነት ነው። ስገባ ይስቃሉ፣ ስወጣ ይስቃሉ። ሞሲና ሳሞ የሚባሉት ሁለቱ ጎሳዎች ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ እንዲሰዳደቡ የተፈቀደላቸው ናቸው፤ የተቀየመ ይቀጣል። በዚህ በቢሊንጋ መንደር ደግሞ ሁሉም ሞሲ፣ ሳሞ እኔ ብቻ። ስለዚህ አንዷ እኔ የሁሉም መሳቂያ ነኝ፣ ሁሉም የእኔ መሳቂያ ናቸው። ማን አለሽ ትላለች እንዴ?

ከመከር በኋላ እመጣለሁ አልኳት። አምናም እንዲሁ ብያት ነበር መሰለኝ።

አርብ፣ ግንቦት 29

ዛሬ የያምባ ልጆች፣ ሁለቱ ወንድማማቾች፣ በአህያ ተጣልተው ዶማ ተማዘዙ። ሴቶቹ እኔን ሊጠሩ ሮጡ። ለዘር ጉድጓድ ስቆፍር ነበር፤ እጄን እንኳን አልታጠብኩም። ሄጄ ደጃፋቸው ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ።

«አህያው ለትልቁ፣ ጋሪው ለትንሹ። እስክትታረቁ አልነሳም። እዚሁ እሸናለሁ።»

መጀመሪያ ተያዩ፤ ከዚያ ትንሹ ፈገግ አለ፤ ከዚያ አለቀ። ያባ ቲጋ ከኋላዬ ቆሞ፣ «ምን ይደረግ! ሳሞ ከተቀመጠ ማን እምቢ ይላል? አያቶቻችን ሲያጣሉን ይህን አስበውበት መሆን ነበረበት» አለ። ሁሉም ሳቁ።

የማሽላ ጠላው፣ ዶሎ፣ ተቀዳ፤ ቅሉ እየዞረ የታረቁት ጠጡ። እኔ ዶማዬን ይዤ ወጣሁ። ነይ ብዪ ያለኝ የለም፤ ረስተው ነው። ቤት ገብቼ የትናንቱን የማሽላ ገንፎ ከነቅዝቃዜው በላሁት። ብቻዬን ስበላ ጥርሴ ሲያኝክ ይሰማኛል፤ አስጠላኝ።

ድካም ነው እንጂ ሌላ ምንም አይደለም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

ዘሩ መጣ! ወደዚህ የላከኝ የእርሻ ማኅበር አለቃ ሙሴ ሶሜ ከከተማ በማኅበሩ መኪና ራሱ ይዞት መጣ፤ የቦሎቄ ዘር፣ ምስጥም ትልም እንዳይነካው በመድኃኒት የተለወሰ፣ ደማቅ ቀይ። ጆንያው ሲፈታ ሕጻናቱ ከረሜላ መስሏቸው ተንጋጉ። ሙሴ ሶሜ ወደ ጎን ወስዶኝ፣

«ፔላጂ፣ አደራሽን። ይሄ ለመሬት እንጂ ለሆድ አይደለም። ታጥቦም ተቀቅሎም አይበላም። ድንገት የበላ ሰው ካለ ሳይውል ሳያድር፣ ምንም ባይሰማው እንኳን፣ ወደ ጤና ጣቢያ። በደንብ ንገሪያቸው፤ በአንቺ አፍ ይሻላል፤ አንቺን ይወዱሻል» አለኝ። ወንዙ ሊሞላ ይችላል ብሎ ቸኩሎ ሄደ። ወንዙ ግን አቧራ ብቻ ነበር።

ይወዱሻል አለኝ።

ሁሉንም ከዛፉ ሥር ሰበሰብኳቸውና ጆንያው ላይ ወጥቼ ቆምኩ። «ስሙኝ! ይህን ዘር እንዳትበሉት። መርዝ ነው፤ ይገድላል» አልኩ።

መሬት ተንቀጠቀጠች ማለት ይቻላል፤ እንደዚያ ስቀው አያውቁም። ያባ ቲጋ ሆዱን ይዞ ተንበረከከ። «ሰማችኋት? አምና የእኔን ኦቾሎኒም መርዝ ነው ብላ እፍኝ ሙሉ ወስዳለች! ታላቶ፣ የአንቺን ወጥስ?» የልጁ ሚስት ታላቶ እንባዋን እየጠረገች፣ «በየቀኑ! ‹መርዝ ነው፣ ለእኔ ስጪኝ› ሳትል በድስቴ አጠገብ አልፋ አታውቅም!»

እውነቷን ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ መንደር ድስት በተጣደበት ሁሉ ያልኩት ይህንኑ ነው። ከሰው ማዕድ የምቆርሰው በዚህች ቀልድ ነበር።

«አይ፣ የዛሬው እውነት ነው» አልኩ። ባሰባቸው። አንዱ፣ «ጆንያውን ሁሉ ብቻዋን ልትበላው ነው!» አለ። እኔም ሳቅሁ። ሰው ሁሉ ሲስቅ ብቻውን የሚኮሳተር ማን ነው? ደግሞ ደስ የሚል ሳቅ ነበር። ከስንት ጊዜ በኋላ ሁሉም አንድ ላይ፣ እኔ መሃል ሆኜ።

ማታ ለሙሴ ሶሜ ደወልኩለት። ነግሬያቸዋለሁ አልኩት። ነግሬያቸዋለሁ እኮ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

ዘነበ! ሌሊቱን ሙሉ። ጧት ሁሉም ወደ እርሻ። ከታላቶ ጋር ስንዘራ ዋልን። እኔ ጉድጓዱን፣ እሷ ዘሩን። ጣቶቿ ቀይ ሆኑ። ታጠቢ አልኳት። «ለምን፣ ልትልሺልኝ ነው?» አለች። ወገቤ የለም። ያባ ቲጋ ገሚሱን ዘርቶ ገሚሱን ጎተራ ከቷል፤ ሁሉም እንዲሁ፤ ዝናቡ ከከዳ ደግሞ ለመዝራት።

ማታ ቤቴ መጥቶ ሳይሳደብ ደጅ ላይ ተቀመጠ። ይህን አያደርግም።

«አንቺ» አለኝ በመጨረሻ፣ «እህትሽ ጋ ልትሄጂ ነው የሚሉት እውነት ነው?»

«ከመከር በኋላ።»

«እንግዲያውስ ከመከር በፊት መሞት አለብኝ ማለት ነው።»

«ምን ነካህ ደግሞ?»

«መንደሩ ውስጥ ያለሽው ሳሞ አንቺ ብቻ ነሽ። እኔ ስሞት ጉድጓዴ ውስጥ ገብቶ ‹አልነሳም› የሚል ማን ነው? አባቴ ሲቀበር ሦስት ሳሞዎች ተኝተውበት ሰው በሳቅ ሊሞት ነበር። እኔ እንደ እንግዳ ዝም ተብዬ ልቀበር?»

«ለመነሳት ምን እንደምጠይቅ ታውቃለህ? ባርኔጣህን፣ በግህን፣ ምራትህንም።»

«የጠየቅሽውን ይሰጡሻል። ካልሰጡ አልቀበርም፤ ሸትቼ አስቸግራቸዋለሁ» አለና ሳቀ። ከዚያ ዱላውን አንስቶ፣ «ደህና እደሪ፣ ልጄ» አለኝ።

ልጄ ብሎኝ አያውቅም። እሱ ከሄደ በኋላ ብዙ ቆየሁ፤ ገብቼ መተኛት አቃተኝ።

ሰኞ፣ ሰኔ 23

ሁለት ሳምንት ሊሞላ ነው ጠብ ያላለው። የበቀለው ደርቆ ተቀመጠ። የማሽላው ጎተራ ወለሉ ይታያል፤ ያለፈው ዓመት ማሽላ አልቋል። ሴቶቹ ቅጠል እየለቀሙ ነው የሚቀቅሉት።

ዛሬ ታላቶ ጓሮ አንዲት ዶሮ ሞታ አየሁ፤ ምንቃሯ ቀይ።

«ታላቶ፣ ዘሩን በልታ ነው። እይ።»

«ዓይንሽ ወድቆባት ነው። ትናንት ‹ምን የመሰለች ወፍራም› ስትዪ አልሰማሁሽም?»

«እውነቴን ነው የምልሽ።»

«እሺ፣ እሺ» አለች፤ ትከሻዋ በሳቅ እየተንቀጠቀጠ። ከዚያ ዶሮዋን ልትበልት ቢላዋ አነሳች። ዶሮዋን ነጥቄ ሮጥኩ። ሕጻናቱ «ሳሞዋ ዶሮ ሰረቀች!» እያሉ እስከ ቤቴ ተከተሉኝ። ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኳት። ማታ በሰፈሩ ሁሉ የሚወራው ሳሞዋ የታላቶን ዶሮ ደብቃ በላች ነው። ይህ ሁሉ እንደ ትልቅ ቀልድ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 26

ናባው ጋ ሄድኩ። የመንደሩ አለቃ ነው፤ እሱ ካዘዘ ያበቃል ብዬ። ጫማዬን አውልቄ ተንበርክኬ ነገርኩት። በጥሞና ሰማኝ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ፣ «ዘንድሮ ረሃቡ በርትቷል ማለት ነው፤ ሳሞዎች እንኳን በጨዋነት መለመን ጀመሩ» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ለእንግዳ የሚሰጠውን የሚታኘክ የኮላ ፍሬ ሰጥተው ሸኙኝ።

ሙሴ ሶሜ ስልክ ላይ፦ «ቀልዱን ተይና በቁም ነገር ንገሪያቸው እንጂ!» ቁም ነገር? ከሞሲ ጋር? አንተ ናና ንገራቸው አልኩት። መኪናው ተሰብሯል፣ ሲጠገን እመጣለሁ አለ። የመንደሩ አስተማሪ ለክረምት ወደ አገሩ ሄዷል። ሌላ ማን አለ።

እሑድ፣ ሰኔ 29

የያምባ የልጅ ልጅ ሌሊቱን ሲያስመልሰው አደረ። ዛሬ ተሽሎታል። ያልበሰለ ማንጎ ነው ይላሉ። ማድጋቸው አጠገብ የተደፋው ውኃ ቀላ ብሎ አየሁ፤ ቦሎቄውን ሰባት ጊዜ ያጥቡታል አሉ፤ ቀለሙ ከለቀቀ ምን አለበት እየተባባሉ።

ልጁን ላየው ስገባ እናትየዋ ለእህቷ እንዲህ ስትል ሰማሁ፦ «እባክሽ እሷን አታስገቢያት። ታስቀዋለች፤ ሆዱን ያመዋል።»

በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ተመለስኩ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 1

ወስኛለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ቀልድ የለም። ስድብ የለም። እንደ ሌላው ሰው «እንዴት አደራችሁ» ብዬ አልፋለሁ። ሳቄን ካጡት ቃሌን ይሰሙ ይሆናል። ይህን ለማሰብ ስድስት ዓመት ፈጀብኝ፤ አይ እኔ!

ያባ ቲጋ ጧት ደበደበ። «ሳሞዋ! አልሞትሽም?» መልስ አልሰጠሁም። ጥርሴን ነክሼ ፍራሼ ላይ ተቀመጥኩ። ደግሞ ደበደበ። ቆየ። ሲሄድ የዱላው ድምፅ ሲርቅ ሰማሁ።

አርብ፣ ሐምሌ 4

አልሆነም። ቃሌን መስማት ቀርቶ ከእኔ መሸሽ ያዙ። በውኃ ጉድጓዱ ስደርስ ሴቶቹ ወሬ ያቆማሉ። «ምን አድርገናት ነው?» ይላሉ። ትንሿ ሳና፣ የታላቶ ልጅ፣ ስታየኝ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ተደበቀች።

ዛሬ ያባ ቲጋ አልደበደበም። ከበሩ ውጭ ቆሞ ጠበቀኝ። ስወጣ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ምን ሆንሽ?»

«እርስዎ ይሰሙኛል ብዬ ነው» አልኩት። «እባክዎን፣ ዘሩን አይብሉት። ለልጆቹም አይስጡ። እለምንዎታለሁ።»

እርስዎ አልኩት። ስድስት ዓመት አንተ ሲባል የኖረ ሰው ነው። ፊቱ ሲለወጥ ዓይኔ እያየ ነበር፤ በጥፊ የመታሁት ይመስል።

«እኔ ምን አደረግሁሽ?» አለ። «ሌሎቹን ተዪአቸው። እኔ ምን አደረግሁሽ?»

«ምንም አላደረጉኝም። ዘሩ ብቻ...»

«ዘሩ ነው? በዚህ ቀይ ዘር ነው የተኮራረፍነው?» ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። አንጀቴን በላው። ልጠራው አፌን ከፍቼ ተውኩት። ትንሽ ብታገሥ ይገባዋል። ከሁሉም እሱ ይገባዋል።

እሑድ፣ ሐምሌ 6

ጧት በሩ ተደበደበ። እንደ ድሮው፣ ከድሮውም አብልጦ።

«ሳሞዋ! ነይ ውጪ! መርዝሽን በላሁት!»

ወጣሁ። ቅል ይዞ ቆሟል፤ ገልብጦ አሳየኝ፤ ባዶ።

«ማታ ቀቀልኩት፤ በላሁ። ዛሬም ጧት ደገምኩ። ይኸው፣ ቆሜያለሁ! ለአንድ እፍኝ ቦሎቄ ብለሽ ሳምንት ሙሉ ፊት ነሳሽኝ?» አለና ድንገት ዓይኑን አገላብጦ፣ ምላሱን አውጥቶ፣ እዚያው ደጃፌ ላይ የሞተ ሰው ሆኖ ተንጋለለ። አንድ ዓይኑን በትንሹ ከፍቶ ያየኛል።

ሳቅሁ። ሳላስበው አፈተለከኝ። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። «ተነስ አንተ ውሸታም! ተነስ አንተ አሽከር!» አልኩት። እሱም ብድግ ብሎ፣ «ይኸው ሳቀች! ይኸው!» እያለ እንደ ልጅ ዘለለ። በሁለት እጁ እጄን ያዘኝ። ላብ አልቦት ነበር። ሰው እጄን ከያዘኝ ስንት ጊዜው ነው?

ከዚያ እያፏጨ ወደ እርሻው ወረደ።

ጤና ጣቢያ እንሂድ ብዬዋለሁ። ስቄ ስጨርስ ብዬዋለሁ፤ ያልኩት ይመስለኛል።

እሑድ፣ ማታ

ዝናብ። ታላቶ ልካብኝ ሄድኩ። እርሻ ውስጥ ወድቆ ነው ያገኙት። ሕጻናቱ ቀድመው አይተውት ነበር፤ ሲቀልድ መስሏቸው ዙሪያውን ሲስቁ ቆዩ። አፉ አረፋ። ጋሪ ላይ ጫንነው። ወንዙ ሞልቷል፤ አህያው አልገባም አለ። ልጁ፣ የታላቶ ባል፣ ተሸክሞት ሊያሻግር ሞከረ፤ እስከ አንገቱ ደረሰበት፤ ተመለሰ። ይጎድላል ብለን ጠበቅን።

ሰኞ፣ ሐምሌ 7

ወንዙ ሲጎድል ሞቶ ነበር።

ታላቶ፣ «አርጅቶ ነው። ዕድሜውን ጠግቦ ነው» ትላለች። ሁሉም እንዲሁ ይላሉ። ጤና ጣቢያ እንሂድ ብዬዋለሁ፤ እሱ ነው እምቢ ያለው። እንዲያውም እምቢ ሳይል አልቀረም። እምቢ ብሏል።

አላልኩትም። ምላሴ ይቆረጥ፤ አላልኩትም። ሳቅሁ ብቻ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

ዛሬ የሆነውን ሁሉ ልጽፈው ነው።

ለቀብር አልሄድም ብዬ ቤቴን ዘግቼ ነበር። ሻንጣዬንም አውጥቼአለሁ። ታላቶ መጣች፤ ዓይኗ አብጧል። ባርኔጣውንና ዱላውን ይዛለች።

«ጉድጓዱ ተቆፍሯል» አለችኝ። «አንቺን ነው የሚጠብቁት። ማን ይግባለት?»

«አልችልም፣ ታላቶ።»

«‹ሳሞዋ ሳትተኛበት እንዳትቀብሩኝ› ሲል ነው የኖረው። ዝም ተብሎ ይቀበር?» ባርኔጣውን ራሴ ላይ ደፋችው። ላቡ ይሸታል።

ሄድኩ። ሽማግሌ ስለሆነ ቀብሩ የደስታ ነው፤ ከበሮ አለ፤ ዶሎ አለ። ከነባርኔጣው ሲያዩኝ እልል አሉ። እንደ እሱ እያሳልኩ፣ በዱላው መሬት እየደበደብኩ፣ በለቀስተኛው መሃል አለፍኩ። «አልሞታችሁም?» አልኳቸው። በሳቅ ፈነዱ። ጉድጓዱ ውስጥ ወርጄ ተኛሁ።

እርጥብ ነው። ከታች ሆኖ ሲታይ ሰማይና እግር ብቻ ነው።

«ተነሺ ሳሞዋ! አስከሬኑ ደጅ ነው!»

«አልነሳም። አልጋው ተመችቶኛል።»

ኮላ ወረወሩ። «አይበቃኝም!» ዶሮ አወረዱልኝ። «ዶሮማ በላሁ፤ የታላቶን!» ሳቁ። በጉን ጎትተው አፋፉ ላይ አቆሙት፤ ባ አለ። «አይበቃኝም» አልኩ።

«ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለ የያምባ ትልቁ ልጅ።

«ቀዩን ቦሎቄ። ሁሉንም። ከየቤቱ። አንዲት ፍሬ ሳትቀር።»

ከዚህ የበለጠ ሳቅ ኖሮ አያውቅም። «መቃብር ውስጥም ቦሎቄ!» «እዚያም አለቀቃትም!» አንዱ አፈር ረጨብኝ። እኔ አልሳቅሁም። እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ ተኛሁ። ሳቁ ረገብ አለ፤ ደግሞ ተነሳ፤ ደግሞ ረገበ። ፀሐዩ ወጣ። ከበሮው ቆመ።

«ተነሺ እንግዲህ» አለ አንድ ሽማግሌ፤ ድምፁ ተለውጧል። «ሰውዬው ፀሐይ ላይ ነው።»

«አውቃለሁ። ጓደኛዬ ነው። ቦሎቄውን አምጡ።»

«ምን እንብላ ታዲያ?» የሴት ድምፅ።

«የእኔን ማሽላ። ግማሽ ጆንያ አለኝ፤ ውሰዱት። ቦሎቄውን አምጡ።»

አላመኑኝም፤ ይህን አውቄዋለሁ። ግን ማመን አላስፈለጋቸውም። ሳሞ ጉድጓድ ውስጥ ተኝቶ የጠየቀውን የከለከለ ሞሲ የለም። ይህን ሰኔ ላይ ራሱ ነግሮኝ ነበር። ያምባ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጬ አህያ ሳካፍልም አውቀው ነበር። በየደጃፉ ሄጄ ዘፍ ብዬ መቀመጥ እችል ነበር። እኔ ግን አንድም ደጃፍ ላይ አልተቀመጥኩም፤ ልመናም ኩርፊያም ሞከርኩ፤ ይህን ብቻ ረሳሁ። መቃብር እስክገባ ድረስ ረሳሁት።

መጀመሪያ እግሮች ሄዱ። የታላቶ ነበሩ፤ ተረከዟ የተሰነጠቀውን አውቀዋለሁ። ቅርጫት ይዛ ተመለሰች፤ ዘንበል አድርጋ አሳየችኝ። ከዚያ የያምባ ቤት። ከዚያ ሌላው። እየመጡ አፋፉ ላይ ያስቀምጣሉ። አንዱ ልቀልድ ብሎ፣ «የሳሞዋ ሆድ ስንት ይይዛል?» አለ፤ የሳቀለት የለም።

«የናባው ቤት አልመጣም» አልኩ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ሁለት ጎረምሶች ጆንያ አመጡ። ናባው ራሱ አፋፉ ላይ መጥቶ ወደ ታች አየኝ። «ጨረስሽ?» አለ። ቀስ ብሎ፣ እንደ ሰው።

«ጨረስኩ።»

እጁን ዘረጋልኝ። ልነሳ ስል ግን አቃተኝ። ጉልበቴ እምቢ አለ ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ መነሳት አልፈለግኩም ነበር። ሁለት ሰው ወርዶ አወጣኝ። ከዚያ እሱን አወረዱት።

ዘሩን ከመንደር ውጭ ያረጀ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጨምረን አፈር መለስንበት። ባርኔጣውን ለታላቶ ስመልስላት «ያንቺ ነው፤ ጠይቀሽው እንደነበር ነግሮናል» አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19

ሙሴ ሶሜ መጣ፣ በመጨረሻ። ከጤና ጣቢያው ሰው ጋር ሆኖ መንደሩን ሰበሰበና ዘሩ ምን እንደሆነ ተናገረ፤ ሲበላ ምን እንደሚያደርግ፣ አረፋውን፣ ላቡን፣ መውደቁን። ማንም ማንንም አላየም። ያቺ ልጇ ሲያስመልሰው ያደረባት እናት እሪ ብላ ተቀመጠች። ታላቶ ወደ እኔ ዞራ፣ «ነግረሽን ነበር» አለች። ሌላ ምንም አላለችም።

ከዚያ ወዲህ ስገባ ይነሱልኛል። ወንበር ያቀርቡልኛል። «እንዴት አደሩ፣ እመቤት ፔላጂ» ይሉኛል። ሕጻናቱ እጃቸውን አጣጥፈው ይቆማሉ። ዘር መቼ ይዘራ፣ ጉድጓዱ ምን ያህል ይጥለቅ፣ ይጠይቁኛል፤ መልሴን ቆመው ይሰማሉ። በስድስት ዓመት ያላገኘሁት ይህንን ነበር። ጧት ጧት ግን በዚያው ሰዓት እነቃለሁ፤ በሩ ዝም ይላል።

ዝናቡ ጥሩ ነው። ኦዲል ሳትደውል አትቀርም፤ ኩይሳው ላይ አልወጣሁም።

ዛሬ ማታ ከእርሻ ስመለስ በታላቶ ደጅ አለፍኩ። የቅጠል ወጥ ጥዳለች፤ ሽታው ጥሩ ነበር፤ ሳናና ወንድሟ ቅላቸውን ይዘው ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ሳላስበው፣ ከልማድ፣ «መርዝ ነው፣ ለእኔ ስጪኝ» አልኩ።

ታላቶ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ጨርቅ አነሳች፣ ድስቱን አወረደች፣ ጓሮ ይዛው ሄዳ መሬት ላይ ደፋችው።

«ታላቶ! ቀልዴን ነው እኮ!»

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ያኔም ቀልድ መስሎን ነበር።» ድስቱን ማጠብ ጀመረች። ልጆቹ ባዶ ቅላቸውን እንደያዙ እኔን ያዩኝ ነበር።